ዋልካ ላይ አትክልት፦ ከግንቦት እስከ የካቲት የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት፣ ሁለተኛ ሳምንት

ያለነው አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ነው፣ የድሮ ግቢ። ከቤቱ ጀርባ ሃምሳ ካሬ የሚሆን ባዶ መሬት አለ። እስካሁን ልብስ ሲሰጣበት፣ ዶሮ ሲጭርበት የኖረ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዓመታት በፊት ጥግ ላይ ሰርቪስ ቤት አሠርቷል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች። እማዬ ጎመን፣ ቆስጣና የጥብስ ቅጠል ትፈልጋለች። እኔ ጽጌረዳና አንድ ሁለት የፍራፍሬ ዛፍ።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። አሁን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ እስክሪብቶ ወደቀብኝ፣ በጣቴ ላወጣው ስሞክር ጭራሽ ወደ ታች ገባ፣ ተውኩት።

ዋልካ ውስጥ ያለው የሸክላ ዓይነት ስሜክታይት ይባላል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የአዲስ አበባ ግንበኞች የማይወዱትም ለዚህ ነው፣ ቆፍረው አውጥተው በገረጋንቲ ይተኩታል። የእኛ አጥር ላይ ያለው ሰያፍ ስንጥቅ በጋ ሲሆን ይሰፋል፣ ክረምት ሲገባ ይጠባል፤ ግንበኛ እየመጣ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ በዓመቱ መልሶ ይከፈታል።

ከእንጦጦ ሥር ያሉት ሰፈሮች፣ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ፣ አብዛኛው ቀይ አፈር ነው። ወደ ቦሌ፣ ለቡ፣ አቃቂ ሲወረድ ጥቁሩ ይበዛል። መሃል ከተማ ያለን ሰዎች ከግቢ ግቢ ሊለያይብን ይችላል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ያለች አክስት የምትሰጠው ምክር ቂርቆስ ላይሠራ ይችላል። እማዬ ደግሞ ያደገችው ሽሮ ሜዳ ነው። ይሄም በኋላ ይመጣል።

ብር የማያስወጡ ሙከራዎች ሠራሁ። መጀመሪያ በእጅ። እርጥብ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ማስረዘም ነው። ሳይበጠስ 5 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሸክላው የበዛ ነው። የኛ ያንን አልፎ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀጥሎ በማርማላታ ጠርሙስ። ሲሶው አፈር፣ የቀረው ውሃ፣ ጠብታ ላርጎ፣ ደህና አድርጎ መናጥና ማስቀመጥ። አሸዋው በደቂቃ ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ቀናት ይፈልጋል። ጠርሙሱ ኩሽና መስኮት ላይ ደፍርሶ ሰነበተ፣ እማዬ ልትደፋው ስትል ደረስኩ። አሸዋ የምትባለው ከታች ለዓይን የምታስቸግር ናት።

የጉድጓዱ ሙከራ ግን ሊያታልል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ውሃ መሙላትና በስንት ሰዓት እንደሚሰርግ ማየት ነው። ደረቅ ዋልካ ላይ የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ በኩል እልም ይላል፣ «እንዴ፣ ውሃ ያሳልፋል ማለት ነው» ያሰኛል። አፈሩ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ውሃ አድሮ ጠዋትም እዚያው ነበር።

ግንቦት መጨረሻ

መቆፈር ተጀመረ። በዶማ አልሆነም፣ ድጅኖ ነው የሚሠራው። አንድ ስንዝር ስንወርድ የሰርቪስ ቤቱ ጉድ ወጣ። የልስን ስብርባሪ፣ የሴራሚክ ቁራጭ፣ ሚስማር፣ ሽቦ፣ የጠነከረ ሲሚንቶ ከነማዳበሪያው። ግንበኛው ፍርስራሹን ማስጫን ሲገባው እዚያው ቀብሮ፣ ዋልካ አልብሶበት ሄዷል። ወንድሜን ደውዬ ጠየቅሁት፣ «ያኔ ለማስጫኛ ብር ከፍያለሁ እኮ» አለኝ።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። ሲሚንቶና ኖራ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነቱን መለኪያ፣ ከፍ ሲል አሲዱ ይቀንሳል) ወደ ላይ ይወስዱታል። ፒኤች ከፍ ሲል አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ተክሉ ሊወስደው አይችልም። በሩ ጋ ያለችው አሮጌ ጽጌረዳ ለዓመታት ቅጠሏ ቢጫ፣ የቅጠሏ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የኖረው በዚህ ነው። እማዬ ውሃ ጥም ነው ትል ነበር፣ እኔ ደግሞ ቡዳ እያልኩ እቀልድባታለሁ።

አፈሩ ላይ አቼቶ ጠብ አደረግሁ። ሰርቪስ ቤቱ ጋ ያለው አፈር ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፤ ኖራ አለበት ማለት ነው። ወደ አጥሩ ያለው ግማሽ ዝም አለ። ይሄ ጥሩ ዜና ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው።

ፍርስራሹን ለቅሞ ማውጣት ከምንም በላይ ጊዜ የበላ ሥራ ነው። ትልልቁ በእጅ፣ ትንንሹ በወንፊት። ዋልካ በወንፊት አይነፋም፣ ይሄን ማንም እንዳይሞክረው፣ ጓሉን በመዶሻ እየሰበሩ ነው። ማስጫኛው 3,000 ብር ፈጀ።

ሰኔ፣ የመጀመሪያ ሳምንታት

ዝናብ ጀመረ። ዋልካ የሚሠራበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ደረቅ ሲሆን ድጅኖው ይነጥራል። ሲረጥብ ዶማው ላይ ተለጥፎ አንዱን ቆፍሮ ሁለት ጊዜ መጥረግ ነው፣ ጫማው ደግሞ ኪሎ ይጨምራል። መሃል ላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈርበት ጥቂት ቀን አለ። ያን ጊዜ ሥራ ካልተሠራ አለቀ። ጭቃ ሆኖ ሲረገጥ ደግሞ ይጠቀጠቃል፣ በኋላ ሥር አያስገባም።

አሸዋ ቀላቅሉበት ያሉን ብዙ ናቸው። አንድ ካሬ ላይ ብቻ ሞከርኩት፣ 600 ብር የአሸዋ። ሁለት ሦስት ፀሐይ ሲያገኝ ከጎኑ ካለው ንጹሕ ዋልካ ይልቅ ጠነከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሸክላው የአሸዋውን ቀዳዳ ይሞላዋል፣ ሲደርቅ ያጣብቀዋል። አሸዋ እንዲሠራ ከአፈሩ የሚበልጥ አሸዋ ማስገባት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ አፈር ማሻሻል ሳይሆን አፈር መቀየር ነው።

ጂፕሰምም ተባለ። ጂፕሰም የሚጠቅመው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው። የኛ ችግር እሱ አይደለም። ፒኤችም አያወርድም። አልገዛሁም።

አንድ አፈር ሻጭ ደግሞ ቀይ አፈር በኢሱዙ ላምጣልሽ አለኝ፣ ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር አልብሽው ይላል። ለዓይን ያምራል። ግን ከሥር ያለው ዋልካ ውሃ ስለማያሳልፍ ቀዩ አፈር ክረምቱን በሙሉ ውሃ ተኝቶበት ይከርማል። መሬቱ ተዳፋት ቢሆን አስብበት ነበር፣ የኛ ሜዳ ነው።

የሠራው ኮምፖስት ነው። አንድ ጆንያ 200 ብር፣ ሠላሳ ጆንያ። የበሰለውን ነው መምረጥ፦ የማይሸት፣ የማይሞቅ፣ ጭድና ገለባው የማይለይ። ሰፈር ያለው የእንጨት ቤት ሰጋቱራ በነፃ ልስጥሽ አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ወሰድኩ፣ ግን አፈር ውስጥ አላስገባሁም። ጥሬ ሰጋቱራ ሲበሰብስ ናይትሮጂኑን ከተክሉ ይሻማል። መተላለፊያው ላይ አነጠፍኩት፣ ጭቃ ለመከላከል ግሩም ነው።

ሰኔ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ለመደብ ሥራ አንድ የቀን ሠራተኛ ያዝኩ፣ በቀን 700 ብር። ልጁ የሰሜን ሸዋ ሰው ነው፣ የሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ። አፈሩን አንስቶ በጣቱ አሸት አደረገና ሳቀ።

«እትዬ፣ ይሄ የኛ አገር መሬት ነው።»

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ምንም አናደርገውም። ውሃውን ነው የምናባርረው።»

እነሱ ጋ ከታረሰ በኋላ ሴቱም ልጁም ወጥቶ አፈሩን በእጅ ወደ ላይ እያፈሰ ሰፋፊ መደብ ይሠራል፣ በመሃል ቦይ ይተዋል። ስንዴው መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። ተመራማሪዎችም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ማረሻ አጣምረው ይሄንኑ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጡ፤ መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ ጥቁር መሬት አለ፤ በእሱ ላይ የኖረ ገበሬ ያወቀውን እኔ ከአሸዋ ሻጭ ነው ስጠይቅ የከረምኩት።

እኔ ወረቀት ላይ የሣልኩት ግን ዙሪያውን በብሎኬት የተገነባ መደብ ነበር። ልጁ አይቶ «ለምንድነው ብሎኬቱ?» አለኝ። ለመልክ ነው ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ተስማማን፤ በሩ ጋ አንዱ በብሎኬት፣ የተቀሩት አራቱ እንደ ጅሩ፣ በአፈር ብቻ፣ ጎናቸው ተዳፋት። ብሎኬት 80 ፍሬ፣ አንዱ 50 ብር፣ 4,000 ብር። የአፈሮቹ መደቦች ከልጁ ጉልበት በቀር ምንም አላስወጡም።

መደቦቹ ቁመታቸው ከ30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቦዮቹ ሁሉ ወደ አጥሩ ጥግ ይወርዳሉ፣ ከዚያ በቱቦ ወደ ውጪው ዲች። ተዳፋቱን በሲባጎና በውሃ ልክ ነው ያየነው። ኮምፖስቱ ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ጋር ብቻ ተቀላቀለ። ከዚያ በታች ማስገባት ገንዘብ መቅበር ነው።

ሐምሌ

ክረምቱ ገባ። የዝናብ ልብስ ለብሼ ግቢ ውስጥ ስዞር እማዬ በመስኮት «ምነው ልጄ፣ ጤና ነው?» አለችኝ። የማደርገው ግን ዋናው ሥራ ነው። ከባድ ዝናብ ካቆመ ከሰዓታት በኋላ ውሃ የተኛበት ቦታ ሁሉ ላይ ችካል እተክላለሁ። በማግሥቱም ከተኛ ሁለተኛ ችካል።

ችካሎቹ ያልጠበቅሁትን ነገር አሳዩ። ብዙው ውሃ ከሰማይ በቀጥታ የወረደ አይደለም፣ ከአሸንዳው ነው። የቤቱ ጣሪያ 90 ካሬ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። አዲስ አበባ ነሐሴ ላይ ወደ 250 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ በወር 22,500 ሊትር ከአንዲት የአሸንዳ አፍ እዚያው መደቦቹ ራስጌ ላይ ይፈስሳል ማለት ነው። አፈሩን ስወቅስ ከርሜ!

ሁለት ያገለገሉ ሰማያዊ በርሜሎች ገዛሁ፣ አንዱ 1,800 ብር። አሸንዳው መጀመሪያ በርሜሎቹን ይሞላል፣ ሲተርፍ በቱቦ ወደ ዲች። በርሜሎቹ በአንድ ደህና ዝናብ ይሞላሉ፣ ስለዚህ ክረምት ላይ ዋና ጥቅማቸው ማጠራቀም ሳይሆን ውሃውን ሌላ ቦታ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ግማሹ ችካል ተነቀለ።

አቮካዶው በዚህ ወር ሞተ። እማዬ ሰኔ ላይ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የገዛችው ነበር፣ ሃስ የሚባለው ዝርያ፣ የተዳቀለ ነው ተብሎ፣ 300 ብር። ሻጩ «እናቴ፣ በሦስት ዓመት ትበያለሽ» ብሏታል። ቦታውን እሷ ነው የመረጠችው፣ ከመደቦቹ ውጪ፣ ሜዳው ላይ፣ ምክንያቱም «ዛፍ መደብ ላይ አይተከልም»። ቅጠሉ ረገበ። ሲረግብ ውሃ የጠማው ይመስላል፣ ስለዚህ በዚያ ዝናብ ውስጥ በጆግ ውሃ ትጨምርለታለች። ስነቅለው ሥሩ ጥቁር፣ ቆዳው በእጅ የሚላጥ። አቮካዶ ውሃ በተኛበት ሸክላ ውስጥ ፋይቶፍቶራ የሚባል በሽታ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ሥር ከሌለው ውሃ መጠጣት አይችልም፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። ዋልካ ላይ ቅጠሉ የረገበ ተክል ሲታይ ከጆጉ በፊት ጣት አፈር ውስጥ ማስገባት ነው።

ነሐሴ

ቀንድ አውጣ። ቆስጣውንና ሰላጣውን ወንፊት አደረጉት። እርጥብ ዋልካ ስንጥቁ፣ ጥላው፣ ሁሉ ነገሩ ይመቻቸዋል። ሰጋቱራው ሥር ደግሞ ቤት ሠርተዋል፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

እማዬ አመድ ይበተን አለች። ደረቅ አመድ ላይ መሄድ አይወዱም፣ እውነት ነው፣ ግን አንዴ ሲዘንብበት ምንም አይሠራም። ከዚያ በላይ ደግሞ አመድ ፒኤች ይጨምራል። ሽሮ ሜዳ፣ ቀይና ወደ አሲድ የሚያደላ አፈር ላይ፣ ለጎመን አመድ መስጠት ልክ ነው፣ እናቷም ስታደርገው የኖረችው ነው። እዚህ ሲሚንቶ የጠጣ አፈር ላይ አመድ መጨመር ቁስል ላይ ጨው ነው። ይሄን ለማስረዳት ያደረግሁት ክርክር ከአፈሩ ሥራ በላይ አድክሞኛል። በመጨረሻ በአጥሩ በኩል ያለውን፣ አቼቶ ያላፈላውን መደብ ለእሷ አመድ ለቀቅሁላት።

የሠራው ማታ በስልክ መብራት እየለቀሙ ጨው ውሃ ውስጥ መጣል ነው፣ የሚያስጠላ ሥራ ነው ግን ይሠራል። ጠላም ሞከርኩ። የጎረቤታችን እትዬ ለፍልሰታ መፍቻ የጠመቀችውን አንድ ኩባያ ለምኜ፣ ሳህን መሬት እኩል ቀብሬ አፈሰስኩበት። የእርሾው ሽታ ይጠራቸዋል። ጠዋት ሳህኑ ሞልቷል። እትዬ ይሄን ስትሰማ «ጠላዬን ለትል?» ብላ ተቆጣችኝ፣ አሁን አተላውን ብቻ ነው የምትሰጠኝ፣ እሱም እኩል ይሠራል።

ያለ ምንም እርዳታ ያማረባቸውን መጻፍ አለብኝ። ካላ ሊሊ የሚባለው አበባ ውሃ በሚተኛበት ጥግ ላይ ጉልበቴ ደርሷል። ኮባውም እንዲሁ፣ እዚያው ጎን። ጠጅ ሳሩ የመደቡ ጎን ላይ ተተክሎ አፈሩ እንዳይሸረሸር ይዞታል። የጥብስ ቅጠሉና ጤና አዳሙ የብሎኬቱ መደብ ጠርዝ ላይ፣ ከሁሉ ደረቁ ቦታ፣ ደህና ናቸው። ሁለቱም ኖራ አያስፈራቸውም፣ የሚገድላቸው እርጥብ እግር ነው።

ጳጉሜንና መስከረም

የጅሩው ልጅ ቦይ ሊጠርግልኝ መጥቶ፣ መደብ ያልሠራሁበትን ጭራ መሬት አየና «ሽምብራ ዝሪበት» አለኝ። ዝናብ ሲወጣ ነው የሚዘራው፣ አፈሩ የያዘው ውሃ ያሳድገዋል፣ ጓያም እንደዚያው። እስካሁን ዋልካን ስረግመው የነበረው ውሃ ስለሚይዝ ነበር። ለሽምብራ ደግሞ የሚፈለገው ይሄው ነው።

ዘር ፍለጋ አልሄድኩም። ለሽሮ ከተገዛው ያልተከካውን ለቅሜ ዘራሁ። መስከረም አጋማሽ ላይ በቅሎ ታየ። ከዚያ ቆራጭ ትል መጣ፣ ቡቃያውን ከመሬት እኩል በሌሊት እየቆረጠ ይጥላል። ጠዋት ጠዋት የወደቀውን ቡቃያ ዙሪያ በጣት መጫር ነው፣ ትሉ ተጠቅልሎ እዚያው ይገኛል። ዶሮዎቹ ደስ ብሏቸዋል።

ጥቅምት

የተክል ምርጫው አሁን ነው ቅርጽ የያዘው። ችካሎቹንና አቼቶውን አንድ ላይ አድርጎ ማየት በቂ ነው፣ የትኛውም ችግኝ ሻጭ ከሚናገረው ይበልጣል።

ኮክ ፈልጌ ነበር። ኮክ እርጥብ እግር አይችልም፣ እንደ አቮካዶው ነው። ፕሪም ከኮክ ይልቅ ከባድ አፈር ይችላል፣ ስለዚህ ፕሪም ተገዛ፣ እሱም ቢሆን ጉብታ ተሠርቶለት ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተተከለው። ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈር ሞልቶ መትከል ዋልካ ላይ ትርጉም የለውም፣ ጉድጓዱ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። አንገቱ፣ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ እንዳይቀበር ደግሞ ተጠንቅቄያለሁ።

ጽጌረዳዋ ፍርስራሹ ከተለቀመ በኋላ ወደ አጥሩ በኩል ተዛወረች። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ነው። አሮጌው ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል፣ እሱ አይመለስም፣ ይረግፋል።

ጌሾ የእማዬ ጥያቄ ነው። ከፍ ያለው ጠርዝ ላይ ገባ። ኮሰረትና በሶብላ መደብ ላይ። ላቬንደር አንድ ሻጭ በግድ ሊሸጥልኝ ነበር፣ «እህቴ ይሄ የትም ይበቅላል» እያለ፣ ከሥሩ የነበረውን አፈር ሳየው ግማሹ ሬድ አሽ ነው፣ ውሃ የሚያሳልፈው ቀይ ጠጠር። የትም የሚበቅለው እንግዲህ እንደዚያ ያለ አፈር ላይ ነው።

ትልቅ ዛፍ የለም። ወንድሜ ለጥላ ግራቪሊያ አጥሩ ሥር ይተከል ይላል። ዋልካ ላይ ውሃ የሚመጥ ዛፍ ከግንብ አጠገብ ማቆም አፈሩን በጋ ላይ ይበልጥ ያኮማትረዋል፣ የአጥሩ ስንጥቅ ይብሳል። ባሕር ዛፍማ ጭራሽ አይነሳ። ወይራ አንድ ጥግ ላይ፣ ከግንቡ ራቅ አድርጌ ተከልኩ። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ምናልባት ወንድሜ ጡረታ ሲወጣ ጥላ ይሆነዋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ

ደረቅ ነፋስ፣ ሌሊት ብርድ። ስንጥቁ ተመልሶ መጣ፣ መደቦቹ ላይ ግን ያነሰ ነው። የብሎኬቱ መደብ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል፣ ብሎኬቱ ፀሐይ ይስባል። 4,000 ብር ያስወጣው እሱ ነው።

ስንጥቅ ሲከፈት ሁለት ነገር ያበላሻል። ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል፣ ደግሞም እርጥበቱ ከታች በኩል ይተናል። መፍትሔው ጉዝጓዝ ነው። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ቄጠማ ከጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲደርቅ ቆይቶ ነበር፣ እሱን አለበስኩ። ሲያልቅ የጤፍ ጭድ። የቡና አተላም ይጨመራል፣ በቤታችን እሱ አይጠፋም። አተላ ፒኤች ያወርዳል የሚባለው የተጋነነ ነው፣ የፈላ ቡና አሲዱ ስኒው ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እኔ እንደ ኮምፖስት ነው የማየው።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በርሜሎቹ አሁን ነው ለማጠራቀም የጠቀሙት። ዋልካን በቶሎ ማጠጣት አይቻልም፣ ከላይ ተሞልቶ ወደ ቦዩ ይፈስሳል፣ ወይ በስንጥቁ ጠልቆ ሥሩን ሳይነካ ያልፋል። ሃይላንድ ክዳኑ ላይ በመርፌ ተበስቶ፣ ቂጡ ተቆርጦ፣ ተገልብጦ ከችግኙ ጎን ይተከላል። በዝግታ ጠብ ጠብ ይላል። መርፌው ወፍራም ከሆነ ሃይላንዱ በደቂቃ ያልቃል፣ ጠባብ ከሆነ በደለል ይደፈናል፤ ትክክለኛው የእማዬ የልብስ መርፌ ሆኖ ተገኘ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት በሶብላው ጠቆረ። ውርጭ ሳይሆን አይቀርም፣ ሜዳው ላይ ብርዱ ይተኛል። የተረፈውን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

ጥርና የካቲት

ሽምብራው ለጥምቀት እሸት ሆነ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ሰፌድ። እማዬ ግማሹን ለጎረቤት ላከች፣ ጠላ ለሰጠችን እትዬ ጭምር። ደረቁን ስነቅለው ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉ፣ ናይትሮጂን የሚይዙት ባክቴሪያዎች ያሉበት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ግንዱን ቆርጦ ሥሩን እዚያው መተው ነው። አፈሩም ሽምብራው የነበረበት ላይ በዶማ ሲነካ ይፈረካከሳል፣ አጠገቡ ያለው ባዶው አሁንም ድጅኖ ይጠይቃል።

ፕሪሙ ቅጠሉን አራግፎ አሁን እያበበ ነው። እስከ ክረምት ድረስ ደህና ነው ማለት አልችልም፣ ፈተናው ሐምሌ ነው።

ወጪ፦ ፍርስራሽ ማስጫኛ 3,000፣ የቀን ሠራተኛ በድምሩ 5,600፣ ብሎኬት 4,000፣ ኮምፖስት 6,000፣ በርሜል 3,600፣ አሸዋ 600፣ ችግኝ አቮካዶውን ጨምሮ 3,400። 26,200 ብር። እንደገና ብጀምር ብሎኬቱንና አሸዋውን አላወጣም ነበር። ኮምፖስቱንም ከሚያዝያ ጀምሬ እቤት እሠራ ነበር፣ የኩሽና ልጣጩና የዶሮው ኩስ እዚሁ እያለ። አሁን ጥግ ላይ በሽቦ የታጠረ አንድ ክምር አለ፣ ይሞቃል፣ ጥሩ ምልክት ነው።

ከሰኔ በፊት ሁለት ሥራ ቀርቷል። ሽምብራ የነበረበት ላይ አምስተኛ የአፈር መደብ ማስነሣት፣ የበልጉ ዝናብ ጠብ ብሎ አፈሩ እጅ ውስጥ ሲፈረፈር። ሌላው የውጪው ዲች ነው፤ በፕላስቲክ ተደፍኗል፣ እሱ ካልተጠረገ የኛ ቱቦ ውሃውን ወደ ግቢ ይመልሰዋል። ከጎረቤቶች ጋር ቅዳሜ ልናስጠርገው ተነጋግረናል፣ ልጁም ይመጣል። ዶማው እጀታው ላልቷል፣ እስከዚያ ማሠራት አለብኝ።